አየር የጎደለው ጎማ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን አለህልኝ? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

አንተ ከሄድክ ወዲህ ትራክተሩን የሚነዱት አባባ ራሳቸው ናቸው። ዝናቡ ሲበረታ የኋላ ጎማዎቹ ጭቃው ላይ በባዶ እየተሽከረከሩ ናፍጣውን እንደ ውሃ ይጠጡት ጀመር። ጎሚስታው መጥቶ አየና ሳቀ። «እንደ ከበሮ ወጥራችሁት መሬቱን በምን ይቆንጥጠው?» አለ። አየሩን ሲቀንሰው ጎማው ሆዱን ዘርግቶ አፈሩን ይነክስ ጀመር። እውነትም ቀን ሳይጋመስ ያልቅ የነበረው ናፍጣ እስከ ማምሻው አዘለቀን። ሲሄድ ግን አባባን አጥብቆ አስጠነቀቀ፤ ይህ ለእርሻ ብቻ ነው፣ ጭነት ይዛችሁ መንገድ ከመውጣታችሁ በፊት መልሳችሁ ንፉት፣ አለዚያ ጎማው ከቸርኬው ይወልቃል ብሎ።

አባባን ታውቃቸዋለህ፤ የጣማቸውን ነገር መጠኑን አያውቁለትም። ትንሹ እንዲህ ከጠቀመ ብዙውማ ብለው፣ ጎሚስታው ከተወው ላይ ደጋግመው አስተነፈሱት። ለምኜ ለምኜ ደከመኝ። እናታችን ካረፈች ወዲህ ካንተ በቀር የሚሰሙት ሰው የለም።

ባለፈው ሳምንት እህሉን በተጎታቹ ጭነው ቁልቁለቱን ሲወርዱ ከኋላ በእግሬ እከተላቸው ነበር። ኩርባው ላይ ጭነቱ ገፋቸው። የኋላው ጎማ ጎኑ ታጠፈ፣ ትራክተሩ እንደ ሰካራም ተወላገደና ወደ ገደሉ አዘመመ። አንዱ የፊት ጎማ ጠርዙን አልፎ እንደተንጠለጠለ ቆመ። አባባ ቀስ ብለው ወረዱ። ፊታቸው ይስቃል።

«አየሽ፣ ምንም አልሆነም» አሉኝ።

ከገደሉ ይልቅ ያ ሳቅ አስፈራኝ።

ጎረቤት ተረባርቦ ትራክተሩን ወደ ቤት መለሰልን። የቀረውን እህል ደግሞ ልጭን ነው ሲሉ ጊዜ፣ ከቤት የወጡበትን ሰዓት ጠብቄ የኋላ ጎማዎቹን አየር ጨርሼ አወጣሁት። ጎሚስታውም አንተ ሳትመጣ ላይነፋው ቃል ገባልኝ። አባባ ተመልሰው መሬት የተኛውን ትራክተር አዩት። አልተቆጡኝም፤ ጎማውን በእግራቸው መታ አድርገው ወደ ቤት ገቡ።

ዛሬ የእጅ ፖምፓ ተውሰው መጡ። ከጠዋት ጀምሮ ግቢው ውስጥ ሲተነፍስ እሰማዋለሁ፤ እያረፉ፣ እንደገና እየጀመሩ። በዚያ ፖምፓ ለመንገድ የሚበቃ አየር እንደማይሞላ እሳቸውም አያጡትም። ቸርኬው ከመሬት ከፍ ካለላቸው ግን ይበቃቸዋል።

እኔን አይሰሙኝም። ይህ እንደደረሰህ ምንም ሳትል ተነስና ና። አንተ ፊታቸው ስትቆም ዓይናቸውን ይሰብራሉ፤ እኔ ስቆም አሻግረውኝ ነው የሚያዩት።

የፖምፓው ድምፅ አሁን ቆመ።

ሞተሩን አስነሱት። ደህና ሁንልኝ ወንድሜ፤ የግቢው በር ላይ ልቆምባቸው ወጣሁ።

እህትህ