ያለ ሞት የወረደ ባንዲራ

ውድ ኤስበን፣

«ውድ» ያልሁህ የደብዳቤ ወግ ስለ ሆነ ብቻ ነው። ሌላ ቃል ፈልጌ ነበር፤ የመጡልኝ ሁሉ ግን ወረቀት ላይ ሊሰፍሩ የማይገባቸው ሆኑብኝ።

በፎቶ ትምህርት ቤታችን ማንም የራሱን ፊልም አያትምም፤ የእኔን አንተ፣ የአንተን እኔ። ለዐውደ ርእዩ ቀድመህ ወደ ከተማ ስትሻገር ፊልምህን እጄ ላይ ጣል አድርገህ፣ «ሰባኪዋ፣ ይቺን የቪጎን ፎቶ ትልቅ አድርገሽ አትሚልኝ። መምህርታችን ሊስቤት ፊልሙ ላይ አይታት፣ 'ዘንድሮ ያየሁት እውነተኛ ሐዘን ይህ ብቻ ነው' ብላለች። ቅዳሜ አዳራሹ መግቢያ ላይ ትሰቀላለች» አልኸኝ።

ጨለማ ክፍል ገባሁ። በቀዩ መብራት ሥር ወረቀቱን ፈሳሹ ውስጥ ስነክረው መጀመሪያ የወጣው አፉ ነበር፤ የተከፈተ፣ ድምፅ የሌለው አፍ። ቀጥሎ ዓይኑ መጣ። ወረቀቱን ገልብጬ ፊልሙን ከመጀመሪያው ጀምሬ አየሁት።

የሆነውን ታውቃለህ፤ ይሁን እንጂ ከእኔም ስማው። የቤት ሥራችን «ሐዘን» የሚል ነበር። አንተ ባለፈው መኸር በአባባ ክሬስተን ቀብር ላይ አልነበርህም። ስለዚህ መበለታቸውን እማማ ዶርቴያን ጥቁር አስለብሰህ ግቢያቸው ውስጥ ባለው የባንዲራ ምሰሶ አጠገብ አቆምሃቸው። የተነጋገራችሁትን እሳቸው ራሳቸው ነግረውኛል።

«ባንዲራውን እስከ ግማሽ ዝቅ እናድርገው፣ እማማ።»

«ከቤቱ የሞተ ሰው ሳይኖር፣ ልጄ?»

«ባልዎ ሞተው የለ እንዴ!»

«እሱማ ተቀብሯል። ቀብር ሲያበቃ ባንዲራው ተመልሶ ጫፍ ይወጣል። እናትህ አላስተማረችህም?»

«ለአንድ አፍታ ነው። አለዚያ እኮ ፈተና መውደቄ ነው!»

እሳቸው የሰው ልጅ ሲወድቅ ማየት አይችሉም። ገመዱን የፈታኸው አንተ ነህ።

እኔም የወረደውን ባንዲራ ከትምህርት ቤቱ መስኮት አይቼ፣ ማን ሞተ ብዬ እየሮጥሁ መጣሁ። ልጃቸው ቪጎ ከጀልባው ወርዶ ቀድሞኛል። የዓሣ ቅርፊት የተለጠፈበትን የጎማ ልብሱን እንደ ለበሰ «እናቴ! እናቴን!» እያለ በሩ ላይ ተንበረከከ።

«ቪጎዬ፣ ምን ሆንህ? ይኸው አለሁ!» አሉ እማማ ዶርቴያ ከምሰሶው ጀርባ።

አንተ ግን ካሜራህን ደቅነህ፣ «ፊትህን አትሸፍን! እንደዚያው ሁን!» እያልህ ትዞረው ነበር።

«ማን ነው የሞተው?» አለ ቪጎ።

«ማንም አልሞተም። ለፎቶ ነው፣ ወንድሜ።»

አልመታህም። ተነሥቶ ባንዲራውን ጫፍ አደረሰና፣ «ያንን ፎቶ ሰው እንዳያየው» አለህ። «እናቴ ትሙት!» ብለህ ማልህለት። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ግቢ፣ ከአፍህ የወጣው መሐላ ይህ ነው።

ያን ቀን ግድ የለሽነት መስሎኝ ነበር። ፊልምህ ግን ከአንተ ይልቅ እውነት ይናገራል። ከቪጎ ፊት በፊት ያነሣሃቸውን ተመለከትሁ፦ የወረደው ባንዲራ፣ ከሥሩ ወደቡ፣ በወደቡ አፍ የምትገባው የቪጎ ጀልባ። ደጋግመህ አንሥተሃታል። ጀልባዋ ስትቀርብ እያየህ፣ ገመዱ እጅህ አጠገብ ሳለ፣ ባንዲራውን መልሰህ አልሰቀልኸውም። እናቱ የሞተችበት ሰው ፊት እስኪደርስልህ ጠበቅህ። ከአንድ ጠርሙስ ውሃ የጠጣሁት፣ በአንድ ጠረጴዛ የበላሁት ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ነበር።

ፊልሙን ለቪጎ ሰጠሁት። አልደበቅሁም፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ለመምህርታችን ለሊስቤት ተናግሬ ነው።

«ጥበብን ገደልሽ!» አሉኝ።

«እንግዲያው ባንዲራ ያውርዱለት» አልኋቸው።

ቅዳሜ በአዳራሹ መግቢያ ላይ ከስምህ በላይ ባዶ ግድግዳ ታገኛለህ። ቪጎ ፊልሙን አላቃጠለውም። «ከፈለገው እኔን ይጠይቀኝ» ብሎ ጀልባው ውስጥ አኑሮታል። ጠዋት ጠዋት ዓሣ ሲያራግፍ ወደቡ ላይ አታጣውም። ሂድና ዓይን ለዓይን እየተያያችሁ፣ «ፊትህን ስጠኝ» በለው።

ይህን ሳታደርግ ለእኔ መልስ እንዳትጽፍ።

ከእንግዲህ ፊልምህን የማታትምልህ፣
ገርዳ