ስለ ባለቤቴ ዘጠኝ ደቂቃ፤ ለሆስፒታሉ የጥራት ክፍል ኃላፊ

ለክቡር የሆስፒታሉ የጥራት ክትትልና ማሻሻያ ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ በተለይም ለቀኝ እጅዎና ለአንደበትዎ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። ምኞቴን እንዲህ በዝርዝር የማቀርበው፣ እጁ የሚታዘዝለትና ቃሉ የሚወጣለት ሰው ምን ያህል የታደለ እንደሆነ ካለፉት አራት ወራት ወዲህ በደንብ ስለገባኝ ነው። እኛ እንዴት እንደሆንን ለመጠየቅ አስበው ከነበረ፣ ባለቤቴ በምርኩዝ መቆም ጀምራለች፣ እኔም በዚህ ዕድሜዬ የሴት ጠጉር መጎንጎን ተምሬያለሁ።

ባለፈው ሳምንት በክቡርነትዎ ፊርማና በክብ ማኅተም የተላከልን የጥሪ ወረቀት ደርሶናል። ሆስፒታሉ በስትሮክ ሕክምና ጥራት የዓመቱ አንደኛ ሆኖ የምስክር ወረቀት ሊቀበል መሆኑን፣ ባለቤቴም ከደረሰች በዘጠኝ ደቂቃ ውስጥ የጭንቅላት ሲቲ ስካን በመነሣት የዓመቱን ክብረ ወሰን ስለያዘች በአርአያ ታካሚነት ከፊት ወንበር እንድትቀመጥ መጋበዟን ወረቀቱ ይገልጻል። ሳነበው ልቤ ቅቤ ጠጣ። ነገር ግን ክብረ ወሰኑ ሲሰበር እኔም እዚያው ስለነበርኩ፣ ያየሁትን ይዤ ዝም ብል ውለታ ቢስ ያሰኘኛል ብዬ ብዕሬን አነሣሁ።

ማንነቴን ለማስተዋወቅ ያህል፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በአውቶቡስ መናኸሪያ በስምሪት ተቆጣጣሪነት ያገለገልኩ ጡረተኛ ነኝ። ባለቤቴ በዚያው መናኸሪያ በድምፅ ማጉያ ተሳፋሪ ትጠራ ነበር። እሷ ስትጠራ እኔ ሰዓት እመዘግባለሁ፤ የተዋወቅነውም የተጋባነውም በዚሁ ነው። ቤት ገብታም ማጉያውን አልዘጋችውም እያልኩ ለዘመዱም ለጎረቤቱም ስቀልድባት ኖሬያለሁ። ዛሬ ያን ቀልድ መልሼ ብውጠው ደስ ይለኝ ነበር። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር የማቀርበው ክቡርነትዎ ቁጥር እንደሚወዱ ስለማውቅ ነው።

1ኛ. ስለ ዘጠኙ ደቂቃ። በዚያን ዕለት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ባለቤቴ ሻይ ስትቀዳልኝ ኩባያው ከእጇ ወደቀ፣ አፏ ወደ አንድ ጎን ሄደ፣ ልትለኝ የጀመረችውም ነገር መሀል ላይ ቆመ። እስካሁን አልጨረሰችውም። ሰዓቴን ያየሁት ከልማድ የተነሣ ነው። ጎረቤቴ በታክሲው አክንፎ በግቢዎ በር ያስገባን ሦስት ሰዓት ከሃያ ሁለት ላይ ሲሆን፣ ከካርድ ክፍሉ መስኮት ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ እንድንጠብቅ ተነገረን። ግድግዳው ላይ «በስትሮክ እያንዳንዱ ደቂቃ ውድ ነው» የሚል የክፍልዎ ባለ ቀለም ማስታወቂያ ተለጥፏል። በተቀመጥንበት ጊዜ ከነስልክ ቁጥሩ በቃሌ ይዤዋለሁ። የባለቤቴ ካርድ የወጣው ስድስት ሰዓት ከአርባ ላይ ነበር። ማሽኑ ውስጥ የገባችው ስድስት ሰዓት ከአርባ ዘጠኝ ላይ ነው። ዘጠኝ ደቂቃ፣ ሳይጨመር ሳይቀነስ፤ ለዚህ ትክክለኛነት ከመቀመጫዬ ተነሥቼ እጅ እነሣለሁ።

ከዚያ በፊት ያለው ሦስት ሰዓት ከአሥራ ስምንት ደቂቃ የት እንደገባ መጠየቄ አልቀረም። ሦስት ጊዜ ወደ መስኮቱ ሄጄ ለመንኩ፣ አንድ ጊዜም ጮኽኩ። በመጨረሻ የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ አንጀቷ አልችል ብሎ ግራ ቀኙን አየችና፣ «አባባ፣ ካርዱን አሁን ካወጣሁት ሰዓቱ እኛ ላይ መቁጠር ይጀምራል፤ ማሽኑ ባዶ ሲሆን ይጠሩኛል፣ ያኔ አወጣዋለሁ» ብላ እውነቱን ነገረችኝ። እንደ እሷ አገላለጽ፣ ድሮ ካርድ ታካሚው እንደደረሰ ይወጣ ነበር፤ አማካይ ሰዓቱ ግን እያደር ስለከፋ ከክፍልዎ ወቀሳ መጣ፣ ከወቀሳውም ይህ ማሻሻያ ተወለደ። ካርድ የሌለው ታካሚ ደግሞ አልደረሰም፤ ስላልደረሰም ማሽኑ ጋ ያሉት ባለሙያዎች በቀጠሮ የመጡትን በተራ ሲያነሡ፣ ወንበር ላይ ሰው እየጠበቀ መሆኑን የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም።

ይህን የምናገረው ንጹሕ ሰው ሆኜ እንዳይመስልዎት። እኔም አውቶቡስ ሲዘገይ ተራው የደረሰበትን ሰዓት የምመዘግበው ሞልቶ በር ከዘጋ በኋላ ነበር፤ በእኔ መዝገብ አንድም አውቶቡስ ዘግይቶ አያውቅም፤ ለዚህም ሁለት ጊዜ ተሸልሜያለሁ። ስለዚህ የእጅ ሥራዎን ገና ከሩቁ ነው የለየሁት። የኔ ተሳፋሪ ግን ቢዘገይ ለቅሶው ወይም ሠርጉ ያመልጠው እንደሆነ ነው እንጂ፣ ሲወርድ ቀኝ ጎኑን መናኸሪያ ትቶ አይወርድም።

ምስሉ ተነብቦ ሲያልቅ ሰባት ሰዓት ከአርባ ሆኖ ነበር። ወጣቱ ሐኪም የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ሕመሙ ከጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ መሰጠት እንዳለበት በትዕግሥት አስረዳኝና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምነው አባባ፣ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ» አለኝ። በሃያ ደቂቃ ነበር ያመለጠን። ልጁ ክፋት የለበትም፤ የያዘው ካርድ የደረስነው ስድስት ሰዓት ከአርባ ላይ ነው ይላል። እኔ ግን ከእሱ በር ሠላሳ እርምጃ ርቄ ስለ ውድ ደቂቃዎች እያነበብኩ ነበር። «ቀደም ብላችሁ ብትመጡ» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር እስካሁን ይቅር አላልኳትም።

2ኛ. ስለ መዋጥ ምርመራው። ስትሮክ የመታው ሰው ጉሮሮው ሊከዳው ስለሚችል፣ መዋጥ መቻሉ ሳይታይ ውኃ እንኳ እንዳይሰጠው የክፍልዎ ቅጽ በደማቅ ፊደል ያዛል። ባለቤቴ በገባች በማግስቱ በተሰጣት ውኃ ታንቃ፣ ሳንባዋ ተመርዞ አሥራ አንድ ቀን በኦክስጅን ተኛች። አልጋዋ ላይ በተንጠለጠለው ቅጽ ግን «መዋጥ ተመርምሯል» በሚለው ሳጥን ውስጥ ያማረ ምልክት አለ። ምልክቱ ከታነቀች በኋላ ሲደረግ አይቻለሁ። ሐሙስ ከሰዓት ነበር፤ ዓርብ የእርስዎ ሰዎች ለቁጥጥር ሊመጡ ስለሆነ፣ ለሃያ ሁለት አልጋ ብቻዋን የተመደበችው ሲስተር የሁሉንም ቅጽ ጭኗ ላይ ከምራ በአንድ እስክሪብቶ ስትሞላ አመሸች። አልፈረድኩባትም። ያን ዕለት ምሳዋን ስትበላ አላየኋትም፣ ቅጹን ባትሞላ ደግሞ የምትጠየቀው እሷ ናት። ዓርብ የመጡት ተቆጣጣሪዎች ምልክቶቹን ቆጥረው ረክተው ሄዱ። አልጋው ላይ ወደተኛችው ሴት ዞር ያለ አልነበረም፤ ስትተነፍስ ግን ድምፁ ኮሪደር ድረስ ይሰማ ነበር።

3ኛ. የስትሮክ ታካሚዎች ቅሬታ የሚቀበለው ቢሮዎ፣ ሊፍቱ ተበላሽቶ በከረመ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መደረጉ በእውነት የታሰበበት ነው። ቅሬታው ለምን እንዳነሰ በዓመታዊ ሪፖርትዎ ላይ በሰፊው ተብራርቷል፤ ደረጃው ግን ተዘልሏል።

ማመስገን ካልቀረ፣ በግቢው ውስጥ ጥራት ያለው መረጃ የሚይዝ አንድ ሰው አግኝቻለሁ። እርሱም የበሩ ጥበቃ ነው። የገባውን መኪና ሁሉ ታርጋውንና ሰዓቱን በተማሪ ደብተር ይመዘግባል፤ የጎረቤቴ ታክሲም ሦስት ሰዓት ከሃያ ሁለት ተብሎ ሰፍሮ ይገኛል። ገጹን በስልኬ እንዳነሣው ፈቅዶልኛል። ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ሰዓቱ ከካርድ ክፍሉ ሳይሆን ከበሩ መቁጠር ይጀምር፤ የባለቤቴም ቁጥር ከዘጠኝ ወደ ሁለት መቶ ሰባት ደቂቃ ይታረም። የሚታየው መጥፎ ቁጥር ቢያሳፍርዎትም፣ ነገ ያን ወንበር ለሚያሞቀው ሰው ማሽኑን ቶሎ የሚያስለቅቅለት እሱ ነው። ለእኛ የሚለውጠው ነገር እንደሌለ አውቃለሁ።

ቁጥሩ ከታረመ በበዓሉ ላይ በደስታ እንገኛለን። ካልታረመም እንመጣለን፤ የደብተሩን ገጽ በትልቁ አሳትሜ፣ ከፊት ወንበር ላይ ባለቤቴ በደህናው እጇ ትይዘዋለች።

ለሚያስመዘግቡት ፈጣን ሰዓትና ላስተማሩኝ ረጅም ትዕግሥት ወደር የሌለው አክብሮቴ ይድረስዎት፤

የዓመቱ አርአያ ታካሚ ባል፣ ጡረተኛው የስምሪት ተቆጣጣሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ አጥፌ ፖስታ ውስጥ ልከተው ስል፣ ከወር በፊት ያመለከትኩበት የባለቤቴ የሕክምና ማኅደር ቅጂ ደረሰኝ። በመጨረሻው ገጽ፣ ከሆስፒታል በወጣችበት ቀን፣ ስለ መድኃኒቷ አወሳሰድ ትምህርት እንደተሰጣትና «መረዳቷን በራሷ አንደበት አረጋግጣለች» ተብሎ ተጽፎ ምልክት ተደርጎበታል። እኔ አልሰማሁም፤ ምናልባት መድኃኒት ልገዛ ወጣ ባልኩበት ሰዓት ይሆናል። ያን ቅጽ የሞላው ሰው ምን እንዳለች ቃል በቃል ጽፎ እንዲልክልኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። ስለ መድኃኒቱ ባይሆንም፣ እኔን እየተቆጣችም ቢሆን ግድ የለኝም።