ምንጩ ዳር ያለችው ኦርኪድ፦ የአቶ ግዛቸው ኪዳነወልድ የሕይወት ታሪክ

አቶ ግዛቸው ከአባታቸው ከአቶ ኪዳነወልድ በሩ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጽጌወይን ካሳ ሚያዝያ 12 ቀን 1949 ዓ.ም. በጎሬ ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያው ተከታትለው፣ በጅማ በእርሻ ትምህርት በዲፕሎማ ከተመረቁ በኋላ በግብርና ባለሙያነት ለረጅም ዓመታት አገልግለዋል። በ1976 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሙሉአለም ተፈራ ጋር ትዳር መሥርተው ሮሐንና ሳሮንን ወልደዋል።

እ.ኤ.አ. በ1999 ዲቪ ደርሷቸው ከነቤተሰባቸው ላስ ቬጋስ ገቡ። ሥራቸው በአንድ ካዚኖ ሆቴል ውስጥ አበባ መንከባከብ ነበር። አበባቸው የረገፈ ኦርኪዶች ሲጣሉ ማየት አላስቻላቸውም፤ አለቃቸውን አስፈቅደው ከላስ ቬጋስ አጠገብ ሄንደርሰን ወዳለው ቤታቸው ይወስዷቸው ጀመር። እንግዳ በመጣ ቁጥር መታጠቢያ ቤቱን ከአበባ ማስለቀቅ የወ/ሮ ሙሉአለም ፈንታ ሆነ። የተጣሉት ግን በዓመቱ መልሰው ያብቡ ነበር።

የሰሜንና የመካከለኛው አሜሪካ ምድር የራሷ ኦርኪዶች የት የት እንደሚበቅሉ በቃላቸው ያውቁ ነበር፤ በፍሎሪዳ ረግረግ ቅጠል ሳይኖራት ዛፍ ላይ የምታብበውን፣ በጓቲማላ የጭጋግ ደን የምትበቅለውን፣ ብርዱን ችላ አላስካ የምትኖረውን። የልደት ኬክ ሲቆረስ ቫኒላ የሜክሲኮ ኦርኪድ ፍሬ መሆኑን ሳይናገሩ ያለፉበት ጊዜ ትዝ አይለንም። ሕፃናቱ ዓይናቸውን ከኬኩ ሳይነቅሉ ያዳምጧቸው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2011 ይህ በረሃም የራሱ ኦርኪድ እንዳለው አነበቡ። ከሺፍት በተረፋቸው ቀን ሁሉ ከከተማው በስተ ምዕራብ ያሉትን ተራሮች ሲያስሱ ከርመው፣ ከዐለት ሥር የምንጭ ውኃ በሚንጠባጠብበት ሥፍራ አረንጓዴና ቀይ ቡኒ አበባ ያላትን አገኟት። እዚህ ላይ ተሳሳቱ። ስንቱን የተጣለ ያዳንሁ፣ ይህችም እኔ እጅ ይሻላታል ብለው ነቅለው ቤት ወሰዷት። በሦስተኛው ሳምንት ደረቀች።

ማንም ሳይጠይቃቸው ራሳቸው ወደ ተራራው ጠባቂዎች ሄደው ጥፋታቸውን ተናገሩ፤ ተግሣጹንም አንገታቸውን ደፍተው ተቀበሉ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በጸደይ በበጎ ፈቃድ ምንጩን ይጠብቁ ነበር። የቀሩትን አበቦች ከማየታቸው በፊት ግን ቀድመው የሚያዩት የነቀሉበትን ባዶ ቦታ ነበር። ለአሥራ ሦስት ዓመታት ባዶውን አገኙት፤ በየዓመቱ ያን ቀን ቤት ሲገቡ እራት አይበሉም ነበር። ይህን የምናነሳው ልናሳፍራቸው አይደለም፤ ጥፋቱን እንደ እርሳቸው አክብሮ የያዘ ሰው ስላላየን ነው።

አቶ ግዛቸው ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ዘንድሮ መሄድ አልቻሉም። ሮሐን ላኳት። ዐለቱ ውስጥ የተነቀለችው ኦርኪድ ሥር ቀርቶ ኖሮ፣ በዚያው ቦታ ላይ ሦስት አበባ የያዘች አንዲት ተክል ቆማለች። ሮሐ ሆስፒታል ገብታ ፎቶውን ስታሳያቸው ስልኩን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«ነክተሻታል?» አሏት።

«አልነካኋትም፣ አባዬ።»

«ተባረኪ» ብለው ስልኩን ደረታቸው ላይ አስቀምጠው ተኙ። ያን ዕለት እራታቸውን ጠይቀው በሉ። ከአራት ቀናት በኋላ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በ68 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

አቶ ግዛቸው ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና የልጅ ልጃቸውን ሜሪን ትተው አልፈዋል። በመቃብራቸው ላይ የተቀጠፈ አበባ እንዳይቀመጥ ተናዝዘዋል። የምንጩን ቦታ ለማንም እንዳትናገር ሮሐን አስምለዋታልና ጠይቃችኋት ባትነግራችሁ አትቀየሟት።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ውኃው በማይነጥፍበት ሥፍራ ያሳርፍልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን።