ጉዳዩ፦ የጋሽ ዘውገን ጀርባ ይመለከታል

ለክቡር አቶ ምንይሉ
የወረዳችን የመድረክ ሥነ ሥርዓትና የእንግዳ አቀባበል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ይህ ግልጽ ደብዳቤ እርስዎንም፣ ባለቤትዎንም፣ ልጆችዎንም፣ ከእጅዎ የማይለየውን ማኅተምዎንም በመልካም ጤንነት እንዲያገኛችሁ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና ደኅና ነኝ፤ ደኅና ብቻም አይደለሁም፣ ደስ ብሎኛል። ሰው በሃምሳ አንድ ዓመቱ እንዲህ ደስ ሲለው ለብቻው መያዝ ነውር ስለሆነ ነው ደብዳቤውን ሰው ሁሉ እንዲያየው አድርጌ የጻፍኩት።

የሻሽወርቅ ቦጋለ እባላለሁ። ጭድ ተራ ባልዲ፣ ሳፋና ጀሪካን እሸጣለሁ። እሑድ ከሰዓት፣ ገበያው ሲዘጋ፣ በወረዳው አዳራሽ በሚለማመደው የሠፈራችን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ውስጥ ደግሞ ሁለቱን ትልልቅ የነሐስ ሳህኖች አጋጫለሁ፤ ሲምባል ይባላሉ። አርባ አንድ ነን። ልብስ ሰፊ አለን፣ መለዋወጫ ሻጭ አለን፣ ሚዛን ጠጋኝም አለን። ከመካከላችን ኖታ የሚያነብ አንድም ሰው ባልነበረበት ጊዜ ሰብስበው ያስተማሩን፣ ዛሬም ከፊታችን ቆመው በቀጭን ዘንግ የሚመሩን፣ ጡረታ የወጡት የሙዚቃ መምህር ጋሽ ዘውገ ናቸው። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ጽሕፈት ቤትዎ የሚያውቀው ጀርባቸውን ብቻ ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ። ብዙ ስለሆነ በቁጥር አድርጌዋለሁ።

፩ኛ. ስለ ማስጠንቀቂያዎ እናመሰግናለን። አዳራሹ ታድሶ በተመረቀ ዕለት ተጫውተን፣ በሳምንቱ የደረሰን ባለ ሁለት ገጽ ደብዳቤ የኦርኬስትራው መሪ “በፊት ረድፍ ለተቀመጡ የክብር እንግዶች ለሠላሳ ስምንት ደቂቃ ያለማቋረጥ ጀርባቸውን በመስጠት ከባህላችን ያፈነገጠ ንቀት ማሳየታቸውን” ይገልጻል። የኦርኬስትራ መሪ የትም አገር ቢሆን ፊቱን ወደ ተጫዋቾቹ አዙሮ እንደሚመራ ሰምተን ነበር፤ ዓለም ሁሉ ባለጌ መሆኑን ግን እስከዚያ ቀን የነገረን አልነበረም። ደቂቃዋን ሳይቀር ቆጥረው መያዝዎም ሙዚቃውን ምን ያህል ከልብ ይከታተሉ እንደነበር ያሳያል። አብረው የተያያዙት ስድስት ፎቶግራፎች፣ ስድስቱም የጋሽ ዘውገ ጀርባ፣ ትልቅ አገልግሎት ሰጥተውናል። ኮታቸው ከብብቱ ሥር መተርተሩን ያየነው በእነሱ ነው፤ አንደኛ ቫዮሊን የምትጫወተው ልብስ ሰፊያችን ፀደንያ እዚያው ሰፋችው።

፪ኛ. ስለ መመሪያዎም እናመሰግናለን። “መሪው ፊታቸውን ወደ እንግዶች መልሰው ይምሩ” ተባልን፣ ታዘዝን። በልምምዱ ጋሽ ዘውገ ወደ ባዶዎቹ የእንግዳ ወንበሮች ዞሩ፣ እኛ ከኋላቸው ቀረን። እጃቸው በሆዳቸው በኩል ስለሆነ ለእኛ የሚታየን ክርናቸው ብቻ ነው። ቀኝ ክርን ከፍ ሲል “ግቡ” ማለት ነው ብለን ተስማማን፤ ጋሽ ዘውገ አፍንጫቸውን ሲያኩ ጥሩምባዎቹ በሙሉ ገቡ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ እንደ መሳለሚያ ታክሲ በሞላለት ሰዓት ተነሣ። ቼሎ የሚጫወተው መለዋወጫ ሻጩ ሙናዊር ከሁላችን ሁለት ደቂቃ ቀድሞ ጨርሶ “እኔ ደርሻለሁ፣ እናንተ የት ናችሁ?” ብሎ ጮኸ። እኔ ሲምባሌን የመታሁት ሌሎቹ ተጫዋቾች ወንበራቸውን ማጠፍ ከጀመሩ በኋላ ነው።

በሚቀጥለው እሑድ ሙናዊር ከጎረቤቱ የቁም ሳጥን በር ከነመስታወቱ ነቅሎ አመጣ። የጋሽ ዘውገን ፊት በመስታወት እያየን እንድንጫወት ከፊት ለፊታቸው አቆምነው። መስታወት ቀኙን ግራ ስለሚያደርገው ቼሎዎቹን ሲጠሩ ቫዮሊኖቹ አቤት አሉ። እንዲታዘቡን የላኳቸው ባለሙያ ግን ልምምዱ እስኪያልቅ በዚያው መስታወት ክራቫታቸውን ሲያስተካክሉ ቆይተው “አበረታች ጅምር” ብለው ሪፖርት ማድረጋቸውን ሰምተን ተጽናንተናል።

፫ኛ. እዚህ ላይ ምስጋናዬ ትንሽ ይጎረብጣል፣ ይታገሡኝ። ቀጥሎ የመጣው የግዴታ ቅጽ ነበር፤ ጋሽ ዘውገ “ወደፊት ለክብር እንግዶች ጀርባ ላለመስጠት” ካልፈረሙ መድረክ ላይ እንዳይወጡ የሚል። ቅጹን ቆመው ለሁላችንም አነበቡልን። እኚህ ሰው ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ሕፃን ልጅ ሲገባ እንኳ ከመቀመጫቸው የሚነሡ ናቸው። ሙግት አያውቁም። “ልጆቼ፣ እኔ ፊቴን ለእናንተ ሰጠሁ እንጂ ጀርባዬን ለማንም አልሰጠሁም” አሉና ዘንጓን ከኖታው አጠገብ አኖሯት። ከዚያም እስከ በሩ ድረስ፣ ለእኛ ጀርባ ላለመስጠት፣ የኋሊት እየተራመዱ ወጡ። ደፉ ላይ ሲደርሱ ተደናቀፉ። ማንም አልሳቀም፣ ሙናዊር እንኳ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት እሑድ ከልምምድ ቀሩ። መጪው እሑድ ደግሞ እንደ ሌላው እሑድ አይደለም፤ ጋሽ ዘውገ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የጻፉት፣ የገበያችንን ማለዳ የሚያሰማው የራሳቸው ድርሰት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የሚቀርብበት ነው። እሳቸው ካልመሩት የሚመራው የለም። ያለ እሳቸው ብንሞክረው ሰው የሚሰማው ገበያውን ራሱን ነው እንጂ ድርሰቱን አይደለም፤ ለዚያ ደግሞ አዳራሽ አያስፈልግም፣ በር መክፈት ይበቃል።

፬ኛ. ስለ ባህል ስላስተማሩንም እናመሰግናለን። ስለ ጀርባ እኛም ጥቂት እናውቃለን። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ በሱቄ ፊት የሚያልፈው ጀርባ ነው፤ በጀርባው ላይ ጆንያ፣ በጆንያው ላይ ፍራሽ። ተሸካሚው “ዞር በሉ፣ መንገድ!” እያለ ሲያልፍ “ፊቱን ነሣኝ” ብሎ የተቀየመ ነጋዴ እስካሁን አላጋጠመኝም። እኛ ዘንድ ጀርባ ስድብ አይደለም፣ እንጀራ የሚበላበት ነው።

ይሁን እንጂ ባለፈው ማክሰኞ ደንበኛ ጠፍቶ መመሪያዎን እንደገና ሳነበው ልቤ በራ። መሪው ፊታቸውን ወደ እንግዶች ይመልሱ ይላል እንጂ እንግዶቹ የት ይቀመጡ አይልም! እንግዲያው የክብር ወንበሮቹን አንሥተን መድረኩ ላይ፣ ከተጫዋቾቹ መካከል ብናደርጋቸውስ? ጋሽ ዘውገ ወደ እኛ ሲዞሩ ወደ እናንተም ዞሩ ማለት ነው። የአቀማመጡን ንድፍ ካርቶን ላይ ስዬ ከፀደንያና ከሙናዊር ጋር ቤታቸው ሄድን። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት።

“የሻሽዬ፣ ኃላፊውን የት ነው ያስቀመጥሻቸው?” አሉኝ።

“ከክርኔ ሥር” አልኳቸው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲስቁ የሰማናቸው ያን ጊዜ ነው። ቅጹን እዚያው ሙሉ ስማቸውን ጽፈው ፈረሙ፤ ኮፒው ከዚህ ጋር ተያይዟል። የፈረሙትም በሐቅ ነው፤ እሑድ ለክብር እንግዳ ጀርባ አይሰጡም። ትናንት ለልምምድ ከሁላችን ቀድመው ደርሰው በሩ ላይ ሲጠብቁን አገኘናቸው።

ስለዚህ እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በክብር ተጠርተዋል። ከኋላዎ ትልቁ ከበሮ፣ ከቀኝዎ ጥሩምባዎቹ፣ ከግራዎ ደግሞ እኔ ነኝ። በድርሰቱ ውስጥ ሲምባል የሚመታው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሃያ ስድስት ደቂቃ ያህል ከተጠበቀ በኋላ፣ እንቅልፍ የሚያስወስድ ጸጥታ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ሱቅ የቆርቆሮ በር ሲበረገድ። ጋሽ ዘውገ ለአራት ዓመት “የሻሽዬ፣ ቀስ፣ ቀስ!” ሲሉኝ ኖረዋል። ትናንት ግን “እንደ ፍጥርጥርሽ” ብለውኛል።

መመሪያዎን ቃል በቃል የፈጸምኩ፣ ከወንበርዎ በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆሜ በታላቅ አክብሮት የምጠብቅዎ፣

የሻሽወርቅ ቦጋለ
ከጭድ ተራ፤ የባልዲና የሳፋ ነጋዴ፣ የሲምባል መቺ

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ መድረክ ላይ ስለሚቀመጡ አዳራሹ ሙሉ ሰው ለአርባ ደቂቃ ፊትዎን ያያል። ይህ ወሬ ከተሰማ ወዲህ አንድም ባዶ ቦታ አልቀረም። ግማሹ ሙዚቃ ወዳድ ነው፤ ግማሹ ሁለት ዓመት ቢሮዎ ሲመላለስ “ስብሰባ ላይ ናቸው” እየተባለ መልክዎን እንኳ ሳያውቅ የኖረ ባለጉዳይ ነው። እባክዎ እስከ መጨረሻው ይቀመጡልን፤ ሰዎቹ ማመልከቻቸውን ይዘው ነው የሚመጡት።