እሑድ የማይከፈተው ሱቅ

ለውድ ወንድሜ ለዘገዬ፣ ሰላምታዬ ጅማ ድረስ ይድረስህ። እኔ ቅዱስ ሚካኤል ይመስገንና ቆሜ እሄዳለሁ።

ራስ መኮንን ድልድይ ያለውን የአባባን የልብስ ስፌት ሱቅ አሁን የምከፍተው እኔ ነኝ። የቀበሌው ሊቀመንበር «የሚሊሺያ ልብስ እሑድም ይሰፋል» ሲላቸው፣ አባባ «ስድስቱን ቀን ሌትም ቢሆን እሰፋለሁ፤ እሑድ የጌታዬ ነው» ብለው ዘጉ። በዚያው ወደ ቀበሌው እስር ቤት ወሰዷቸው። በየቀኑ ምሳ አደርሳለሁ። ትናንት ሳህኑ እንደሞላ ተመለሰ። ዘበኛው ዓይኔን ሳያይ «እህቴ፣ ከእንግዲህ አትድከሚ» አለኝ። የስእለት ጾም ይዘው ይሆናል። ዛሬም ወስጄ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሊቀመንበሩ ሱቅ መጥቶ «አንቺ እንኳ የተማርሽ ነሽ፤ ነገ እሑድ ትከፍቻለሽ አይደል?» አለኝ። ባንኮኒውን ተደግፌ «ነገ ቅዳሴ አለብኝ» አልኩት።

ደብዳቤዬ ከዘገየብህ ልትፈልገኝ አትምጣ።

መድኃኔዓለም ባለህበት ይከልልህ።

እህትህ አይናዲስ