የአቧራው ዋና ከተማ

ጥቅምት 3
ሁለት ሶፋ አስረከብኩ። አንዱ የጥርስ ሐኪሙ፣ ሌላው የጎረቤቱ። ስፌቱ ላይ አንድ መጨማደድ የለም። ቤት ስገባ ልጄ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ታስላለች። ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል። ስምንት ዓመቷ ነው፤ የምታስለው ግን እንደ ሰማንያ ዓመት ሰው።
"ጉንፋን ነው" አልኩ።
"ሦስት ወር ሙሉ ጉንፋን?" አለች ሚስቴ።


ጥቅምት 5
ሐኪም ቤት ዋልን። ዶክተሯ ገና ልጅ ናት፤ ግን አትቸኩልም። የልጄ ክንድ ላይ ጠብታ ጠብታ አድርጋ በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ አደረገችው። አንደኛው ቦታ ትንኝ እንደነከሰው አበጠ። የቤት አቧራ። ውስጡ ዓይን የማያያቸው ነፍሳት አሉ፣ ከሰው ገላ የሚረግፈውን ቆዳ ይበላሉ፣ ኑሯቸው ፍራሽና ትራስ ውስጥ ነው አለች።
"መድኃኒቱን እኔ እሰጣለሁ። ቤቱ ግን የእናንተ ሥራ ነው።"
ቤቱ የእኔ ሥራ... ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፍራሽና ሶፋ ስሰፋ ለኖርኩት ሰውዬ! ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ጥቅምት 6
የሚስቴ ታላቅ እህት መጡ። እኔ እትዬ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው "አንተ ሰውዬ" ይሉኛል። ልጅቷ ለዕረፍት እሳቸው ጋ ሁለት ሳምንት ስትቆይ አንዴም አላሳለችም።
"ትምህርት ቤቱ ቅርብ ነው፣ ክፍል አለ። እኔ ጋ ትኑር።"
ሚስቴ እምቢ አላለችም። አውቃታለሁ፤ እያሰበችበት ነው።
"አንድ ወር ይስጡኝ" አልኩ።
"አንድ ወር። ከዚያ መጥቼ እወስዳታለሁ። ሁለት ቃል የለም።"

ጥቅምት 8
ምንጣፉ ወጣ። ወፍራሙ መጋረጃ ወረደ። አንሶላና ብርድ ልብስ በየሳምንቱ በሚያቃጥል ውሃ። በደረቅ መጥረጊያ መጥረግ ክልክል፤ እርጥብ ጨርቅ ብቻ። የልጄን የጨርቅ ጥንቸል በፌስታል ጠቅልዬ የፍሪጁ በረዶ ቤት ውስጥ ከተትኩ። ብርዱ ነፍሳቱን ይገድላል፣ ከዚያ እጠቡት ብላለች ዶክተሯ።
ልጄ ከፍታ አየቻት። "አባዬ፣ በረዳት እኮ!"
"ወታደር ናት፤ ትችላለች።"
ሚስቴ ከጓዳ፦ "ከሥጋው ጎን ነው ያስተኛሃት። ነገ ቀቅዬ ባቀርብላችሁ እንዳትፈርዱብኝ።"

ጥቅምት 10
ዛሬ እጄን አሳየሁ። ፍራሿን ጥቅጥቅ ባለ ጨርቅ ዙሪያውን አለበስኩት፤ መርፌ የሚገባበት ቀዳዳ የለም። ትራሱን ደግሞ አፍርሼ በራሴ ጥጥ ሞላሁት። ዕቃ ቤት ያስቀመጥኩት፣ ከድሮ ሶፋ ያወጣሁት፣ በእጄ ያፍታታሁት ጥጥ። አዲስ ጥጥ ይቋጠራል፤ አሮጌ ጥጥ ተፍታትቶ ሲሞላ ግን አይቋጠርም። በእኛ ሙያ ይህን የማያውቅ የለም። ለመጣ ደንበኛ ሁሉ አልሰጠውም። ሽፋን እንኳ አላስፈለገውም፤ በገዛ እጄ የሠራሁት አይደል?
ራሷን አሳረፈችበት። "አንተን አንተን ይሸታል" አለች።
ደስ አለኝ።

ጥቅምት 14
አሳለች።

ጥቅምት 17
ባሰባት። ዶክተሯ የሰጠቻትን በአፍ የሚሳብ መድኃኒት በአንድ ቀን ሦስቴ ወሰደች። የታችኛው ቤት ሰውዬ የድመት ጠጉር ነው ይላል። የማን ድመት? ሚስቴ ሽቶዋን አውጥታ ጣለች። እኔ ግን አልደነገጥኩም። የቀረ ነገር አለ። አገኘዋለሁ።

ጥቅምት 20
ሚስቴ የልጅቷን ልብስ ስታጣጥፍ ደረስኩ።
"ይሄ ለምንድን ነው?"
"ለማንኛውም።"
"ወሩ አላለቀም።"
"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ። እዚያ ብትሆን ትተነፍሳለች። በሳምንት አንዴ እናያታለን።"
በሳምንት አንዴ! እንደ ሐኪም ቤት ቀጠሮ...

ጥቅምት 21
ሥራ የለም። ፀሐይ በመስኮት ገብታ አልጋዋ ላይ ወድቃለች። ትራሱን ላስተካክል ብዬ አንዴ መታ አደረግኩት። አንዴ ብቻ። ብርሃኑ ውስጥ ጭስ የመሰለ ነገር ተነሣ።
ቁጭ አልኩ።
ጥጡ የወጣበት ያ ሶፋ ከማን ቤት ነበር የመጣው? ሦስት ልጅ ካደገበት፣ አንድ ሽማግሌ ከተኛበት ቤት። የሃያ ዓመት የሰው ላብ፣ የሰው ቆዳ። እኔ ደግሞ አፍታትቼ ልጄ አፍንጫ ሥር አስቀመጥኩት። የአቧራውን አገር ሁሉ ሳስስ፣ ዋና ከተማውን ራሴ ቆርቁሬያለሁ።
ለሚስቴ ነገርኳት። አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም።
"ለስንት ሰው ሞልተሃል?"
ለመጣ ደንበኛ ሁሉ አልሰጠውም ስል፣ የምወዳቸው ግን አግኝተውታል ማለት ነው... ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። አምስት ቤት።

ጥቅምት 22
ትራሱን ጣልኩ። ዕቃ ቤት የነበረውን አራት ጆንያ ጥጥም። አብሮኝ የሚሠራው ፍየሉ (በጺሙ ነው ስሙን ያገኘው) ጆንያውን ጨምድዶ ያዘ።
"አብደሃል? ወርቅ እኮ ነው!"
"ውሰድና ተኛበት።"
"እኔ ልጅ የለኝ፣ ምን ቸገረኝ?"
"ሳንባስ የለህም?"
ለቀቀው።
ከሱቅ ትራስ ገዛሁ፤ የሚታጠብ። የፋብሪካ! ስፌቱ ጠማማ ነው፤ ሳላየው ለማለፍ ሞክሬ አልቻልኩም። ሽፋኑን ግን እኔ ሰፋሁ። የሥራ ልብሴንም ሥራ ቦታ አውልቄ፣ ታጥቤ ቤት መግባት ጀመርኩ።

ጥቅምት 25
አምስቱም ቤት ሄድኩ። "የሰፋሁላችሁን ትራስ መልሱልኝ" ማለት እንዴት ይከብዳል! አንዷ ደንበኛዬ አልሰጥም አለች፤ እንደሱ የሚመች ትራስ ላይ ተኝታ አታውቅም። ሁለት አዲስ ሰጥቼ አስለቀቅኳት።

ጥቅምት 29
አንዴ አሳለች። እኔም ሚስቴም ከወንበራችን ተነሣን። ውሃ ትን ብሏት ነው።

ኅዳር 4
ዶክተሯ ደረቷን አዳመጠች። መድኃኒቱን በግማሽ ቀነሰች። "ምን አደረጋችሁ?" አለች። ያላደረግሁትን ብትጠይቀኝ ይቀል ነበር።

ኅዳር 7
እትዬ በቃላቸው ትናንት መጡ። የትራሱን ነገር ሳልደብቅ ነገርኳቸው።
"አንተ ሰውዬ፣ አለርጂው አንተ ነበርክ በለኛ!"
"እኔ ነበርኩ፣ እትዬ።"
አሁን ድናለች ብላቸው ግን አላመኑኝም። የሚፈርደው ጆሮዬ ነው ብለው ልጅቷ ክፍል አደሩ። ጠዋት ቁርስ ላይ ሁላችንም አፍ አፋቸውን እናያለን። ሻያቸውን አማሰሉ። ደግመው አማሰሉ።
"ልጅቷ አንዴም አላሳለች። እንቅልፍ የነሣኝ አንተ ነህ። ግድግዳውን አልፎ የሚመጣ ማንኮራፋት! መጋዝ ቤት ያደርኩ ነው የመሰለኝ።"
ልጄ ሳቀች። ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪመጣ። ጆሮዬን ቀሰርኩ። ሳቋ ሁልጊዜ በሳል ነበር የሚያልቀው።
አለቀ። ትንፋሽ ሳበች፣ ዳቦዋን አነሣች።
እትዬም ጆሯቸውን ቀስረው ነበር ለካ። ሻያቸውን ጨርሰው ብቻቸውን ሄዱ።