በድምፅ ብልጫ የጸደቀው ቮልት

ሰኞ፣ ኅዳር 6
አልሰካውም አልኩ፤ አልሰካውም! አለቃችን ጓድ መስፍን «መንግሥት ሦስት ሳምንት አዲስ አበባ ያሠለጠነሽ ልታዪው ነው?» አለኝ። የሠለጠንኩት ፊደል መምታት እንጂ ሆዱን መመርመር አይደለም። ኮምፒውተሩ ለእርዳታ እህል መመዝገቢያ የመጣ ነው። የደባርቅ ጄኔሬተር 220 ቮልት ይሰጣል። ይሄ ስንት እንደሚፈልግ የሚነግረኝ አጣሁ። የ110 ከሆነና ከሰካሁት አለቀለት፤ እኔም አለቀልኝ። አምና የወረቀት ማባዣውን የሰበረው ልጅ «አሻጥረኛ» ተብሎ ስድስት ወር ታስሯል። እኔ ደግሞ ሁለት ልጆች አሉኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 7
የጠየቅኳቸው፦ የፊዚክስ መምህሩ («ያለ ጥርጥር 220!» ዕቃውን ሳያየው)። የጄኔሬተሩ ሠራተኛ («ሽቦው ቀጭን ነው፣ 110 ይመስላል»)። ከዳባት የመጣ ሹፌር («እኔ ያየሁት በባትሪ ነው»)። ወይ ጉድ፣ አላውቅም የሚል ሰው በዚህ አገር ጠፋ።

መመሪያ መጽሐፍ አብሮት መጥቶ ነበር። ንብረት ክፍል ሄድኩ። ንብረት ያዡ ጋሽ አየነው «እንግሊዝኛ ስለሆነ ካድሬው ሊመረምረው ወስዶታል፤ ምን ላድርግ ልጄ» አሉኝ። ካድሬው እንግሊዝኛ አይችልም። የባሰ አታምጣ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 9
የውይይት ክበብ። ነገ ከጎንደር እንግዶች ስለሚመጡ ኮምፒውተሩ በርቶ መታየት አለበት። ጓድ መስፍን «በጋራ የማይፈታ ችግር የለም» አለና ድምፅ አሰጠ። በስመ አብ! በ220 ይሠራል የሚሉ እጅ ያውጡ ተባለ። አሥራ አራት እጅ ወጣ። ጋሽ አየነውም አወጡ፣ እኔን ላለማየት መሬት መሬት እያዩ። እኔ ድምፀ ተአቅቦ አልኩ፤ ይጻፍልኝም አልኩ። ጸሐፊው እሺ አለ። ለዚህች እንኳ ደስ አለኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 10
ጓድ መስፍን ራሱ ሰካው፣ በጭብጨባ። ጧ አለ። ከዚያ ጭስ። እንግዶቹ አፍንጫቸውን ይዘው ወጡ። ጓድ መስፍን ላቡን ጠረገና ወደ እኔ ዞረ፦ «ምኑን ነካክተሽው ነው?» መልሱ አሁን ነው የሚመጣልኝ፣ ምን ያደርጋል። ሰኞ ቀርበሽ ታስረጃለሽ ተብያለሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 11
ጠዋት ቃለ ጉባኤውን አየሁት። «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ይላል። የእኔ ተአቅቦ የለችበትም።

ከዚያ ጋሽ አየነው መጽሐፉን በጋዜጣ ጠቅልለው አመጡልኝ። ካድሬው «ጸረ አብዮት ነገር የለውም» ብሎ ማኅተም መትቶበታል። ሁለተኛው ገጽ ላይ በሥዕል ጭምር አለ፦ ከኋላው ትንሽ ቀይ መቀየሪያ፤ ሲመጣ 110 ላይ ነው፣ ለ220 በጣት መግፋት። በቃ፣ በጣት!

አብረን ሄደን አየን። ቀይ ነገር የለም። ያለው የንብረት ቁጥር ወረቀት ነው። በጥፍሬ ላጥኩት። መቀየሪያው ከሥሩ ቁጭ ብሏል።

ጋሽ አየነው ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። «እኔ ነኝ የለጠፍኩት። ደንቡ ከኋላ ለጥፉ ይላል። ሰኞ ቀርቤ እናገራለሁ» አሉ። ለጡረታቸው አራት ወር ቀርቷቸዋል። እሳቸውን አሻጥረኛ ለማለት ደግሞ አሥራ አራት እጅ አይጠፋም።

«ዝም ይበሉ» አልኳቸው። ሙጫ ፈልጌ ወረቀቱን መልሼ ለጠፍኩት።

ነገ ሚካኤል ነው፤ እሄዳለሁ፣ ያየኝ ይይ። ሰኞ ምን እንደምል አላውቅም።